ብሮሸር ከማሳተማችሁ በፊት፦ የወረቀት መረጣና አጨራረስ ደረጃ በደረጃ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ኮምፒውተር ላይ ያማረ ብሮሸር ታትሞ ሲመጣ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። ላሚኔሽኑ (ፊቱ ላይ በሙቀት የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ) አረፋ ይይዛል። ማህተም ሲመቱበት ይጨማለቃል። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ ይወቀሳል። አንዳንዴ ወቀሳው ልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። ዲዛይኑ አልቆና ጸድቆ፣ «ወረቀቱ ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ማተሚያ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። ያኔ መልሱ «ያለው ይሁን» ይሆናል።

እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። ወረቀቱና አጨራረሱ ቀድመው ይወሰናሉ፤ ዲዛይነሩ ከዚያ በኋላ ይቀመጣል። አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ፦ ደሴ ውስጥ ያለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ፣ 1000 ኮፒ፣ ለሦስት የሚታጠፍ ኤ4 ብሮሸር። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ካታሎግ ለምታሳትሙም መንገዱ ያው ነው። የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ይዛችሁ የምትሄዱት

በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ ከተር፣ እስክሪብቶ፣ የድርጅታችሁ ማህተም ከነቀለሙ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ትንሽ ውሃ። ማህተሙን አትርሱ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

## ደረጃ 1፦ ወረቀቱ ምን ይደርስበታል?

ዲዛይነር ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን ጻፉ።

የት ይቀመጣል? መደርደሪያ ላይ ቆሞ የሚቀመጥ ከሆነ ቀጭን ወረቀት ብዙም ሳይቆይ ይጎብጣል። መናኸሪያ አካባቢ በእጅ የሚታደል ከሆነ ደግሞ ወፍራም ወረቀት ገንዘብ ማባከን ነው። ተቀባዩ አንዴ አይቶት ኪሱ ይከተዋል።

ይጻፍበታል? ማህተም ይመታበታል? የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ የክፍል ቁጥርና የተስማሙበትን ዋጋ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ፊት ቀለም የሚቀበል መሆን አለበት። ይህ አንድ መልስ ብቻውን ግማሹን ውሳኔ ይወስናል።

ለስንት ጊዜ ይቆያል? ለአንድ ባዛር ነው ወይስ ለዓመት?

ምን ይለወጣል? ዋጋ ይለወጣል። ስልክም ይለወጣል። ውድ ብሮሸር ላይ ዋጋ አታትሙ። ዋጋውን በ80 ግራም ወረቀት፣ በኤ5 መጠን፣ ለብቻው አሳትሙና በቁመቱ ለሁለት አጥፋችሁ (74 በ210 ሚሊ ሜትር ይሆናል) ብሮሸሩ ውስጥ አስገቡት። ዋጋ ሲቀየር እሱን ብቻ ፎቶ ኮፒ ታደርጋላችሁ። ብሮሸሩ ላይ በእስክሪብቶ የተሰረዘ ዋጋ ማየትን የመሰለ የሚያስጠላ ነገር የለም።

## ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ምረጡ

### ግራሙ

«150 ግራም» ሲባል የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር 16 ኤ4 ይወጣል። ስለዚህ ባለ 160 ግራም ኤ4 አንዱ ቅጠል 10 ግራም ይመዝናል። 1000 ኮፒ 10 ኪሎ ነው ማለት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ ይህ ሂሳብ ይጠቅማችኋል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ግራም?

- 80 ግራም ቦንድ (ያልተለበጠ ተራ ወረቀት)፦ የውስጥ ዋጋ ዝርዝር፣ ደብዳቤ።
- 115 እስከ 130፦ በገፍ የሚታደል ፍላየር፣ የካታሎግ ውስጥ ገጽ።
- 150 እስከ 170፦ የሚታጠፍ ብሮሸር። የእኛ ሥራ እዚህ ነው።
- 200 እስከ 250፦ የካታሎግ ሽፋን። ከመታጠፉ በፊት ክሪዝ (እጥፋቱ የሚያልፍበትን መስመር በማሽን ተጭኖ ማውጣት) የግድ ነው።
- 300 እስከ 350፦ ቢዝነስ ካርድ፣ ፖስትካርድ፣ ፎልደር።

ተጠንቀቁ፦ ግራምና ውፍረት አንድ አይደሉም። የአርት ፔፐር ፊት ተለብጦና ተጭኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ 150 ግራም ግላሲ (አንጸባራቂው አርት ፔፐር) ከ150 ግራም ቦንድ ይሳሳል። በእጃችሁ ዳብሳችሁ «ይሄ ቀጭን ነው» ብላችሁ ነጋዴውን ከመጣላታችሁ በፊት መዝኑት።

### ግራሙን በሚዛን ማረጋገጥ

ከናሙናው 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር አሥር ቁራጭ ቁረጡ። በአንድ ላይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡ። የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። የሚዛኑን ቁጥር በ10 አባዙ። 17 ግራም ካለ ወረቀቱ 170 ነው። 15 ካለ 150 ነው፤ ፕሮፎርማው ላይ 170 ተጽፎ ከሆነ እዚያው ተነጋገሩ። ሚዛኑ ላይ የግማሽ ግራም አካባቢ ልዩነት አያጣላም። የእርጥበትና የአቆራረጥ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

### ፊቱ

ምርጫው በጥቅሉ ሦስት ነው።

ግላሲ አርት ቀለም ያደምቃል። የሐይቅን ውሃ ወይም የምግብ ፎቶ ጥሩ አድርጎ ያወጣል። ግን መብራት ስር ያንጸባርቃል፣ የጣት አሻራ ይይዛል፣ እስክሪብቶ ይንሸራተትበታል።

ማት አርት፣ ማለትም የማያንጸባርቀው፣ ፎቶውን ደህና አድርጎ ይይዛል፤ ጽሑፍም አይን ሳይወጋ ይነበባል። ብዙ አማርኛ ጽሑፍ ላለው ብሮሸር ሁሌም የምመርጠው እሱን ነው። አንድ ጣጣ አለው። ቀለሙ ከደረቀም በኋላ ፊቱ ሲተሻሽ ጥቁር ቦታው ይለቃል። ከተቻለ ላሚኔሽን ወይም ቫርኒሽ (ተቀብቶ የሚደርቅ መከላከያ) ይፈልጋል።

ቦንድ፣ ማለትም ያልተለበጠው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ማህተም ይቀበላል። ቀለሙን ግን ይመጠዋል። የጦሳን ተራራ ጭጋግ ያነሳችሁበት ጨለም ያለ ፎቶ ቦንድ ላይ ጥቁር ጨርቅ መስሎ ይወጣል። ቦንድ ከመረጣችሁ ፎቶዎቹን ቀድማችሁ ፈካ አድርጉ።

### ሱቁ ውስጥ የሚደረጉ አራት ፈተናዎች

1. በእስክሪብቶ ጻፉ። እስከ አሥር ቆጥራችሁ በአውራ ጣት እሹት። ከተጨማለቀ ይህ ፊት ለመጻፊያ አይሆንም።
2. ማህተም ምቱ። አንድ ደቂቃ ጠብቁና በነጭ ጨርቅ ንኩት። ግላሲ ላይ ማህተም ቶሎ አይደርቅም።
3. ወረቀቱን ወፍራም ጥቁር ጽሑፍ ላይ አንጥፉ። ከስር ያለው ከታየ፣ በሁለት ፊት ሲታተምም አንዱ በሌላው ያሳያል።
4. አንዱን ጥግ አጥፋችሁ በጥፍር ሂዱበት። ገልጣችሁ ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት ወይም ስንጥቅ ካያችሁ ያለ ክሪዝ አይታጠፍም።

ለእንግዳ ማረፊያው የምንወስደው ይህን ነው፦ 170 ግራም ማት አርት፣ የውጭው ፊት ማት ላሚኔሽን፣ የውስጡ ፊት ባዶውን። ሠራተኛው የሚጽፈው ውስጥ ነው።

የምትፈልጉት ግራም ከሌለስ? ወደ ታች ከመውረድ ወደ ላይ ውጡ። 170 ጠፍቶ 200 ካለ 200 ውሰዱና ክሪዙን አጥብቃችሁ ጠይቁ። 130 ላይ ግን ባንድ ፊት ላሚኔሽን አታድርጉ፤ ይጠቀለልባችኋል።

## ደረጃ 3፦ የወረቀቱን ክር አግኙ

ይህን ደረጃ ዘሎ የሚያልፍ ሰው ነው ኋላ «እጥፋቱ ተሰነጠቀ» ብሎ የሚደውለው።

ወረቀት ሲሠራ ቃጫው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ከክሩ ጋር ስታጥፉት ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ክሩን አቋርጣችሁ ስታጥፉት ቃጫው ይሰበራል፤ የተለበጠው ፊት ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ይረግፋል። ነጩ መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው።

አቅጣጫውን ለማወቅ፦

1. ከወረቀቱ አራት ማዕዘን ቁራጭ ቁረጡ። የትኛው ጎን ወደየት እንደነበር በእርሳስ ምልክት አድርጉ።
2. አንዱን ፊት በውሃ አርጥቡ። ወዲያው መጠቅለል ይጀምራል።
3. የተጠቀለለው ቱቦ የተጋደመበት አቅጣጫ የክሩ አቅጣጫ ነው።

ውሃ ከሌለ ቅደዱት። ከክሩ ጋር ሲቀደድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲያቋርጥ ተንጋዶ፣ ተቦጫጭቆ ይቀደዳል።

አሁን ወደ ሥራችን። ለሦስት የሚታጠፍ ኤ4 እጥፋቱ የሚሄደው በ210 ሚሊ ሜትሩ ጎን ትይዩ ነው። ስለዚህ ክሩም በ210ው አቅጣጫ መሄድ አለበት። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ኤ4 ክሩ ብዙ ጊዜ በረጅሙ፣ በ297ቱ ነው የሚሄደው። በሌላ አነጋገር፣ ተቆርጦ የመጣ ኤ4 ላይ አትማችሁ ለሦስት ብታጥፉት ክሩን ታቋርጣላችሁ።

መፍትሔው ከትልቅ ወረቀት ማተም ነው። ዲጂታል ማሽን (ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚያትመው) 320 በ450 ሚሊ ሜትር ወረቀት ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እሱ ላይ ሁለት ኤ4 ጎን ለጎን ይቀመጣል። የወረቀቱ ክር በ450ው አቅጣጫ ከሆነ እጥፋታችሁ ከክሩ ጋር ይገጥማል። በ320ው ከሆነ ያቋርጣል። ኦፍሴት (በፕሌት የሚያትመው ማሽን) ላይ ትልቁ ወረቀት እንዴት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ባለሙያው ነው። «እጥፋቱ ከክሩ ጋር ይሁን» ማለት የእናንተ ፋንታ ነው።

ሌላ ወረቀት ከሌለስ? ክሪዝ ይመታ፣ የውጭው ፊት ላሚኔሽን ይደረግ፣ እጥፋቱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም አይፍሰስ። ስንጥቁ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ነጭ ወይም ቀላል መደብ ላይ አይታይም።

## ደረጃ 4፦ አጨራረሱን ወስኑ

የሥራው ተራ ይህ ነው፦ ህትመት፣ ማድረቅ፣ ላሚኔሽን፣ ስፖት ዩቪ ወይም ፎይል ካለ እሱ፣ ክሪዝ፣ ቆረጣ፣ ማጠፍ። ተራው ከተዛባ ይበላሻል። ክሪዝ ከላሚኔሽን በፊት ከተመታ ፕላስቲኩ ላዩ ላይ ሲጫን መስመሩን ያጠፋዋል።

ላሚኔሽን፦ ግላሲ ያደምቃል፤ ማት ያረጋጋል። ማት ቀለሙን ትንሽ ያደበዝዘዋል፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያዘነብላል። ናሙና ሲያሳዩአችሁ ላሚኔት የተደረገውን ጠይቁ። ላሚኔሽን የተደረገበት ፊት ላይ እስክሪብቶም ማህተምም አይያዝም። የተሳትፎ ሰርተፍኬት፣ የዋስትና ካርድ፣ የሚሞላ ቅጽ ላሚኔት አታድርጉ።

ስፖት ዩቪ፦ አርማ ወይም አንድ ፎቶ ላይ ብቻ የሚፈስ አንጸባራቂ ነው። የሚያምረው ማት ላሚኔሽን ላይ ሲሆን ነው። ግላሲ ላይ ማን ያየዋል? ትንንሽ ፊደል ላይ አታድርጉት፤ ጥቂት ከተንሸራተተ ጽሑፉ ጥላ ያወጣ ይመስላል። እጥፋት ላይም አታሳልፉት፤ ይሰነጠቃል።

ፎይል (በሙቀት የሚለጠፍ ወርቃማ ወይም ብርማ ሽፋን) እና ማጉበጥ (አርማውን ከወረቀቱ ከፍ አድርጎ ማውጣት)፦ ለግብዣ ካርድና ለፎልደር ደህና ነው። ለ1000 የእንግዳ ማረፊያ ብሮሸር አያስፈልግም። ገንዘቡን ፎቶግራፍ አንሺ ላይ አውሉት።

ማተሚያ ቤቱን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ይሄ ሥራ እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል?» ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሄደውን የሚመልሰው፣ ሲበላሽ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ።

## ደረጃ 5፦ አሁን ዲዛይነሩ ይቀመጥ

### የገጾቹ ስፋት

297ን ለሦስት እኩል አትክፈሉ። ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍል ማጠር አለበት፤ ካልሆነ ሲታጠፍ ይጋጫል፣ ይጎብጣል።

- ውስጡን ስታዩ ከግራ ወደ ቀኝ፦ 100፣ 100፣ 97 ሚሊ ሜትር።
- ውጭውን ስታዩ ከግራ ወደ ቀኝ፦ 97፣ 100፣ 100። የቀኙ 100 የፊት ሽፋን፣ መሃሉ የጀርባ ሽፋን ነው።

ዲዛይነሮች የሚሳሳቱት ሁለቱንም ፊት በአንድ ልክ ሲሠሩ ነው። ያኔ አንዱ ፊት ላይ ቀለሙ እጥፋቱን አልፎ ወደ ጎረቤቱ ገጽ ይገባል።

### ጠርዝ

መደብ ቀለም ወይም ፎቶ እስከ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ በሁሉም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ይለፍ። ፋይሉ 303 በ216 ይሆናል። ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዝም ከእጥፋትም ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በቀጭን መስመር የተሠራ ክፈፍ ጠርዙ አጠገብ አታድርጉ። ቆራጩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት ክፈፉ ያጋልጠዋል።

### ቀለምና ፎቶ

ፋይሉ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የህትመት ቀለሞች)፣ ፎቶዎቹ በትክክለኛ መጠናቸው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁኑ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ነው የሚመጣው፤ እንደ ፋይል አስልኩት። ጥቁር ጽሑፍ ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ። ከአራቱም ቀለም ከተሠራ ማሽኑ ትንሽ ሲንሸራተት ፊደሉ ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ያወጣል።

### የአማርኛው ፊደል

የእኛ ፊደል ቀጫጭን እግርና ትንንሽ ቀለበት አለው። የ«ቤ»፣ የ«ሜ»፣ የ«ሬ» ቀለበት በትንሽ መጠን ሲታተም ይደፈናል። በተለይ ቦንድ ላይ፣ በተለይ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲጻፍ። መደበኛ ጽሑፍ ከ9 ነጥብ አይነስ። ጨለማ መደብ ላይ በነጭ ከተጻፈ 10 ወይም 11 አድርጉትና ወፍራሙን ፊደል ተጠቀሙ።

ከዚያ የሚመጣው ዋነኛው ጉዳይ ፎንት ነው። ዲዛይነሩ የተጠቀመበት የግዕዝ ፎንት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል። የድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች ከሆኑ ደግሞ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይተካል። ጽሑፉን በሙሉ ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) አስቀይሩ፤ ፋይሉን በፒዲኤፍ አስወጡ። ከመቀየሩ በፊት ያለውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ፤ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይታረምም። ከዚያ ፒዲኤፉን ዲዛይነሩ ባልተጠቀመበት ሌላ ስልክ ላይ ከፍታችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ።

ካታሎግ ለምታሳትሙ፦ በስፒል ከመሃል የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ቁጥር ለአራት መካፈል አለበት። 8፣ 12፣ 16። 14 ገጽ የሚባል የለም። ገጹ ሲበዛ የመሃሎቹ ቅጠሎች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲከረከሙም የውጭ ጠርዛቸው ይበላል። የገጽ ቁጥር ጠርዝ ላይ አታስጠጉ።

## ደረጃ 6፦ ነጩን ናሙና ሥሩ

ሳይታተም፣ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ልክ አንድ ባዶ ብሮሸር ቆርጣችሁ እጠፉ። በእጃችሁ ያዙት። መደርደሪያው ላይ አቁሙት። የ80 ግራሙን ዋጋ ዝርዝር ውስጡ አስገቡ። ይዘጋል? ይቆማል? ኮት ኪስ ይገባል? ገጾቹ ላይ በእርሳስ «ሽፋን»፣ «ካርታ»፣ «ስልክ» እያላችሁ ጻፉና ፎቶ አንስታችሁ ለዲዛይነሩ ላኩ። የሚወስደው ሩብ ሰዓት ነው። ስንት ጭቅጭቅ ያስቀራል!

## ደረጃ 7፦ ፕሮፎርማው ላይ ምን ይጻፍ?

«ብሮሸር 1000» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ፕሮፎርማ አትቀበሉ። እንዲህ አስጽፉ፦

«ብሮሸር፣ የተዘረጋ መጠን 297 በ210 ሚሜ፣ 170 ግራም ማት አርት፣ በሁለቱም ፊት ባለ አራት ቀለም፣ የውጭ ፊት ብቻ ማት ላሚኔሽን፣ ሁለት ክሪዝ፣ ለሦስት ታጥፎ፣ ክሩ ከእጥፋቱ ጋር፣ በ100 በ100 ታስሮ፣ 1000 የተጠናቀቀ ኮፒ።»

«የተጠናቀቀ» የምትለዋን ቃል አታስቀሩ። በሥራው ላይ የሚበላሽ ወረቀት ይኖራል፤ ለዚያ የሚሆነውን ትርፍ ማተሚያ ቤቱ ይያዝ። ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ይጨምር እንደሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የናሙና ህትመት ይኑር አይኑር አብሮ ይጻፍ። ሁለት ቦታ ስታወዳድሩ ይህንኑ ዝርዝር ለሁለቱም ስጡ። በወረቀት ግራም የሚለያዩ ሁለት ዋጋዎችን ማወዳደር አይቻልም።

## ደረጃ 8፦ ናሙናውን በፀሐይ ብርሃን እዩት

የመጀመሪያው ቅጠል ሲወጣ ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ። የሱቁ መብራት ቀለም ይለውጣል። ከስልክ ስክሪን ጋር አታወዳድሩት። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት አያበራም።

የምታዩት በዚህ ተራ ነው፦

1. ስልክ ቁጥሮቹን ከናሙናው ላይ እያነበባችሁ ደውሉ። የደሴና የኮምቦልቻ መደበኛ ስልክ በ033 ይጀምራል፤ በጠቅላላው 10 አሃዝ ነው።
2. ኪውአር ኮድ ካለ በሁለት የተለያዩ ስልኮች አንብቡት።
3. የሰው ፊት ቆዳ ተመልከቱ። ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ካጋደለ ያስተካክሉት።
4. ጥቁር ጽሑፉን በቅርብ እዩ። ጠርዙ ላይ ሌላ ቀለም አለ?
5. ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዙት። የሁለቱ ፊት እጥፋት መስመር አንድ ላይ ያርፋል?
6. ቆርጣችሁ እጠፉት። ከነጩ ናሙና ጋር አስተያዩ።

ሁሉም ልክ ከሆነ ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት። አንዱን እናንተ ያዙ፣ አንዱን እነሱ። ኋላ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው ይህ ወረቀት ነው።

## ደረጃ 9፦ የማድረቅ ጊዜ አትሻሙ

ኦፍሴት ላይ የታተመ ቀለም ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት ስጡት። በሐምሌና በነሐሴ፣ ደሴ ጭጋግ ውስጥ ስትገባ፣ ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ለመሞከር ጥቁሩን ቦታ በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ ገና ነው። በዚያ ላይ ላሚኔሽን ካደረጉበት አረፋ ይይዛል ወይም ከቀናት በኋላ ይላጣል።

ዲጂታል ህትመት ማድረቅ አይፈልግም። የሱ ጣጣ ሌላ ነው። ቀለሙ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ እጥፋት ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ማሽን የሚተወው ቅባት ደግሞ ላሚኔሽኑን አያስይዝም። መጀመሪያ አምስት ቅጠል ብቻ ላሚኔት አስደርጉ። በማግስቱ ጥጉን በጥፍር ለማንሳት ሞክሩ። ቀለሙን ይዞ ከተነሳ፣ ጠንካራ ማጣበቂያ ያለው ፊልም ይቀየር።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? የላሚኔሽን ማሽኑ ሙቀት እስኪመለስ ይጠበቅ። እስኪሞቅ ባለው ጊዜ የእናንተ ብሮሸር ሳይሆን ውዳቂ ወረቀት ይለፍበት።

አረፋው ከወጣ በኋላ፦ ሊድን የሚችለው ትንሽ ከሆነ ብቻ ነው። በድጋሚ በሞቀ ማሽን ማሳለፍ ይሞከራል። ቀለሙ እርጥብ ስለነበር የመጣ አረፋ ግን አይመለስም፤ እንደገና ይታተም። ስለዚህ ሁሉም 1000 ከመሠራቱ በፊት መጀመሪያ 20 ብቻ ይሠራ በሉ።

ከተጠቀለለ፦ ባንድ ፊት ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ባዶው ፊቱ እርጥበት ሲስብ ይጠቀለላል። አጥፋችሁ፣ በ100 አስራችሁ፣ ላዩ ላይ ክብደት ጭናችሁ አሳድሩት።

## ደረጃ 10፦ ክሪዝና እጥፋት

ክሪዝ ወረቀቱን አይቆርጥም፤ ይጫነዋል። በአንድ ፊት ቦይ፣ በሌላው ፊት እብጠት ይወጣል። እጥፋቱ እብጠቱን ወደ ውስጥ ማስገባት አለበት። ብዙ ሰው በደመ ነፍስ ወደ ቦዩ ያጥፈዋል። ያኔ የውጭው ፊት ይለጠጣል፤ ክሪዙ ራሱ ስንጥቅ ይፈጥራል። አንዱን በሁለቱም አቅጣጫ አጥፋችሁ ውጭውን አስተያዩ፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በመጀመሪያ 97ቱ ይገባል፤ ከዚያ የፊት ሽፋኑ ይከደንበታል። በእጅ የምታጥፉ ከሆነ በማስመሪያ ጠርዝ አንዴ ብቻ ሂዱበት። መላልሶ መጫን ማት ላሚኔሽን ላይ የሚያብረቀርቅ መስመር ይተዋል።

ከሽፋኑ ስር 97ቱ ብቅ ካለ ክሪዙ ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ቀሪዎቹን አቁሙ፤ የክሪዙን መለኪያ በማስመሪያ አረጋግጡ። የታጠፉትን የቀኝ ጠርዝ በመከርከም ለማዳን አትሞክሩ፤ እዚያ ጋ ያለው እጥፋት ነው፣ ከተቆረጠ 97ቱ ይለያል። 

## ደረጃ 11፦ መረከብና ማጓጓዝ

ከየእስሩ አናት ሳይሆን ከመሃል እያወጣችሁ እዩ። ላይ የተቀመጠው ሁልጊዜ ያምራል። ከአሥሩ እስር ሦስቱን ቁጠሩ። በአምስት ኮፒ ላይ ክሪዝ፣ ቆረጣና ላሚኔሽን መርምሩ። ከተፈረመበት ናሙና ጋር ካልገጠመ ቀሪ ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት ጉድለቱን በጽሑፍ አስፈርሙ።

ደሴ አሳትማችሁ ኮምቦልቻ የምታወርዱ፣ እስሩን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስተኙት። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ሐረጎ ላይ ዝናብ ከያዛችሁ ካርቶኑ ብቻውን አያድነውም። ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ከብርዱ የመጣ ወረቀት ሙቀት ውስጥ ወዲያው ሲከፈት እርጥበት ይስባል፤ ጠርዙ ይወዛወዛል። ፕላስቲኩን ሳትፈቱ እስከ ማግስቱ አቆዩት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ከስሩ ጣውላ ይኑር።

አሥር ኮፒ ለይታችሁ ከፕሮፎርማው፣ ከተፈረመው ናሙናና ጽሑፉ ከርቭ ካልሆነው ፋይል ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጡ። ፋይሉን ከዲዛይነሩ የምትቀበሉት የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ነው።